የምሥራቹ የሄደበት ቤት

አናርኩልን መንገድ ላይ ብታገኟት ዝምተኛ ናት ብላችሁ ታልፏታላችሁ። ዝምተኛ እንኳ አይደለችም፤ ቀድማ አትናገርም ነው እንጂ። ይሄ ደግሞ በእኛ መንደር ለምራት የሚያስመሰግን ጠባይ ነው። አማቷ ቡርማካን ገበያ መሀል ሳይቀር "የእኔ ምራት አፍ የላትም!" እያለች ትመካባት ነበር። አፍ የሌለው ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ አይደል? እሱን ተክቶ የሚናገር ይበዛል።

የበኩር ልጇን ቤክተንን ስትወልድ ሃያ ዓመቷ ነበር። አርባው ቀን ባለፈ ማግስት ቡርማካን መጣችና ልጁን ከነመጠቅለያው አንስታ ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች። ስርቆት አይደለም፣ ወግ ነው። የመጀመሪያው የልጅ ልጅ የአያቶቹ ነው፤ እነሱ ያሳድጉታል፣ እናትና አባት ብሎም የሚጠራው እነሱን ነው። አናርኩል ይህን ሳታውቅ አላገባችም። ግን ማወቅ ሌላ፣ ጡት ወተት አግቶ ልጅ ከግቢ ማዶ ሲያለቅስ መስማት ሌላ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ባሏ ቱራት አጠገቧ ቁጭ አለና እጇን ያዘ።

"አይዞሽ። ይሄኛው የእማዬ ነው፤ የሚቀጥለው ግን የእኛ። ማንም አይነካብሽም። እህል ይንሳኝ!"

አመነችው። ቱራት ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ላመሰግነው ብዬ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮማ ትጠነቀቀው ነበር።

ቤክተን አደገ። እናቱን በስሟ ነው የሚጠራት። "አናርኩል፣ ጫማዬን እሰሪልኝ"፣ "አናርኩል፣ እማዬ ወተቱን አምጪ ብላሻለች" ይላል። እማዬ የሚላት አያቱን ነው። አናርኩል ጎንበስ ብላ ጫማውን ታስርና፣ ጎንበስ እንዳለች ፀጉሩን አንድ ጊዜ ታሸተዋለች። ከዚያ በላይ አትደፍርም፤ ቡርማካን በመስኮት ታያለች።

አራት ዓመት ጠብቃ ሁለተኛውን ፀነሰች። ያን ጊዜ ብታዩዋት! ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ታንጎራጉራለች። ማታ ማታ ትርፍራፊ ሱፍ እየለቀመች የሕፃን ካልሲ ትሠራ ነበር፤ ስድስት ጥንድ ሠርታ ሰባተኛውን ስትጀምር ቱራት "የሚወለደው በግ ነው እንዴ፣ ስንት እግር አለው?" ብሎ አሾፈባት። እሷም ስቃ ስቃ ሆዷን ያዘች። እየሳቀ ያሾፈባት ያ ሰው ያን ጊዜ ምን በልቡ ይዞ እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

በዚያ ክረምት ከማንም በላይ የቀረበቻት ካልቡቡ ናት። ካልቡቡ የቱራት ታላቅ ወንድም የሻርሼን ሚስት ነች። ከተጋቡ አሥራ ስድስት ዓመታቸው፤ ልጅ የላቸውም። ያልሄደችበት ሐኪም፣ ያልተሳለችበት ምንጭ የለም። ይቺ ሴት በየማለዳው በረዶውን እየረገጠች ትመጣና ባልዲውን ከአናርኩል እጅ ትነጥቃለች።

"አስቀምጪ! ወገብሽን ልትቆርጪው ነው?"

"እትዬ፣ ግማሽ እኮ ነው የቀዳሁት።"

"ግማሹንም እኔ እሸከመዋለሁ። አንቺ የምትሸከሚው ይበቃሻል።"

ሁለቱ ምንጣፍ ይሠራሉ፤ ሱፍ እየጠቀለሉና እየረገጡ የሚያጠብቁት ወፍራሙን። ርግጫው ለነፍሰ ጡር አይሆንም ብላ ካልቡቡ ብቻዋን ረገጠችው፤ ላቧ እየተንጠፈጠፈ። እኛ ዘንድ ፈረስ ይበላልና፣ ለእሷ የፈረስ ጉበት ጠብሳ ታመጣለች፣ የደረቀ እርጎ በኪሷ ትሸጉጥላታለች፣ እግሯ ሲያብጥ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታሻታለች። አናርኩል እህት የላትም። አንድ ቀን እግሯ እንደዚያ ካልቡቡ ጭን ላይ እንዳለ እንባዋ መጣና፣ "አላህ እህት ከለከለኝ፣ አንቺን ግን ሰጠኝ" አለቻት። ካልቡቡ ጎንበስ አለችና እግሯን ሳመችው። የእግር ጫማዋን! አናርኩል ደነገጠች፤ ደግነት ነው ብላ ተወችው።

ምጡ የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው፣ በጎች በሚወልዱበት ወር። ቱራት መንጋው ጋ ወጥቷል። ሻርሼን ባሮጌ መኪናው ጭኖ በጭቃው እየተንሸራተተ ወረዳው ከተማ ማዋለጃ አደረሳት፤ መንገዱን ሙሉ "በርቺ እህቴ፣ ደርሰናል፣ ይኸው ደርሰናል" ይላታል፣ ገና ድልድዩን እንኳ ሳይሻገሩ። ሁለተኛ ልጅ መንገዱን ያውቀዋል ይላሉ። ይሄን ያለው ወንድ መሆን አለበት። ከንጋት እስከ ረፋድ ወገቧ በመጋዝ የሚሰነጠቅ ይመስላት ነበር። አዋላጇ ደግሞ "የመጀመሪያሽ መሰለሽ እንዴ? ምን ያንጫጫሻል! ግፊ!" ትላለች። አናርኩል የአልጋውን ብረት ይዛ ገፋች። የመጀመሪያውን ስትወልድ ለማን እንደምትወልድ ታውቅ ነበር። አሁን ለራሷ ነው፤ እናም ሕመሙ ሲብስባት "ለእኔ ነው፣ ለእኔ ነው" ትል ነበር በልቧ።

ሴት ናት። ፀጉሯ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ግንባሯ ላይ የተለጠፈ። ደረቷ ላይ ሲያኖሯት ጡቱን ራሷ ፈልጋ አገኘችው። አናርኩል ጣቶቿን ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። "ይቺን ማንም በመስኮት አያይብኝም" አለች ጮክ ብላ፤ አዋላጇ አልገባትም።

ከሰዓት በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ ራይካን ፊቷ በርቶ ገባች። ራይካን የመንደራችን ልጅ ናት፣ አፏ እንደ ልቧ ክፍት ነው።

"የምሥራቹን ደውዬ ተናገርኩልሽ! ምን ሰጡኝ በይ? ገምቺ!"

"ሻሽ?"

"ሻሽ ትላለች! በግ ነው እንጂ! ከነግልገሏ!"

"ቱራት በግ?" አናርኩል ሳቀች፤ ስትስቅ ሆዷን አመማት። "ተሳስቶ ይሆናል። ቱራት ዶሮም አይሰጥ።"

"ቱራትን ማን አነሳው? ሻርሼን ነው እንጂ። ያ የሚያህል ሰውዬ ስልኩን እንደያዘ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ ብትሰሚው!"

"ጋሼ ሻርሼን ምን ቤት ነው? የምሥራች የሚከፍለው አባት አይደል እንዴ?"

"ታዲያ አባትየው እሱ አይደለ…" ራይካን ገና እየሳቀች ነበር። ከዚያ የአናርኩልን ፊት አየችና መጥረጊያዋ ከእጇ ወደቀ። "ውይ አፌን! ልጅቱ ከወጣች በኋላ መቼም ይወራል ብዬ እኮ ነው። አንቺው ነሽ የሰጠሻት አሉ። ለካልቡቡ። አንቺው ነሽ አሉ!"

አናርኩል እጇን ዘረጋች። "ስልክሽን ስጪኝ" አለች ብቻ። ቱራት አላነሳም። ሦስት ጊዜ ደወለች። በአራተኛው እናቷ ጋ ደወለች፤ እናቷ ከወንዙ ማዶ ያለችው መንደር ነው የምትኖረው።

"እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ፣ የኔ ጀግና!" አለች እናቷ። "አልጋውን ለካልቡቡ አድርሼላታለሁ፤ ከጥዱ እንጨት የተሠራውን።"

የሕፃን መወዝወዣ አልጋ የሚልከው የወላዷ ወላጅ ነው፤ የሚላከውም ልጁ ወደሚያድግበት ቤት ነው።

"ለምን ለካልቡቡ?"

"ልጄ፣ ተጸጸትሽ እንዴ?"

"እማ፣ ማን ምን አለሽ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

እናቷ ነገረቻት። በመከር፣ ሻርሼን ለክረምት ስንቅ ፈረስ ያረደ ዕለት፣ አናርኩል ሆዷ አልረጋ ብሏት ተኝታ ሳለ፣ ቱራት ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። "ሚስቴ የላከችኝ ቃል አለ" አለ። "በሆዷ ያለው ለእትዬ ካልቡቡ ይሁን ብላለች። እሷ በእናንተ ፊት ለመናገር ታፍራለች፣ እኔ ተናገርኩላት።" ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ሰው ሁሉ አሚን ብሎ ፊቱን አበሰ። ካልቡቡ ምጣዱ አጠገብ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም እዚያ ነበርኩ። እኔም አሚን ብያለሁ፣ ሥጋውንም በልቻለሁ፤ አሁን ልክደው አልችልም።

እና እንዴት ሰባት ወር ሙሉ አንድ ሰው አልነገራትም ትሉኝ ይሆናል። ወጉ ነው ዝም ያሰኘን። በማህፀን ሳለ የተሰጠ ልጅን ነገር በተሸካሚዋ ፊት አያነሱም፣ እስኪወለድ። ልቧን ይሰብራል፣ ለልጁም አይበጅም ይባላል። የዋህ ሰው ያወጣው ሥርዓት ነው። ውሸታም ሲያገኘው ምን እንደሚያደርግበት አላሰበም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ውሻው ሳይቀር ያወቀውን እሷ ብቻ ሳታውቅ ካልሲ ትሠራለች።

"እኔኮ ኮራሁብሽ" አለች እናቷ። "እንዲህ ያለ ልብ ያላት ልጅ ወለድኩ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናገርኩ።"

"አንድ ጊዜ እንኳ ብትጠይቂኝ ምን ነበር፣ እማ?"

አናርኩል ስልኩን ለራይካን መለሰችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያ የእግር መታሸት፣ ያ ጉበት፣ ያ ባልዲ! ሁሉም ለልጅቱ ነበር። እሷ ከረጢት ነበረች። አንዱ ተናገረላት፣ ሌላው መረቀላት፣ ሌላው ኮራባት፤ እሷን ግን ሰው ብሎ የጠየቃት የለም። እንባዋ ልጅቱ ላይ ሲንጠባጠብ ልጅቱ አፏን በጡቱ ሞልታ ዝም ብላ ትጠባ ነበር።

ቱራት በማግስቱ መጣ። ወንድ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ነው የሚያየው። ጫማው በእበት ተለውሷል፣ አልተላጨም።

"ደህና ነሽ?" አለ።

"ቱራት፣ ስጧት ያልኩት እኔ ነኝ?"

"ዝቅ አድርጊው፣ ሰው ይሰማል።"

"ሰውማ ከእኔ በፊት ሰምቶ የለም እንዴ!"

ባርኔጣውን አውልቆ ማዞር ጀመረ። "ምን ላድርግ? እማዬ ናት። ወንድሜ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በባዶ ቤት… አንቺ ብትጠየቂ እምቢ ትያለሽ። እምቢ ካልሽ ደግሞ ስሙ ያንቺ ነው የሚጠፋው፣ ክፉ ምራት ይሉሻል። እኔ እኮ ስምሽን ነው ያዳንኩት።"

"ስሜን?"

"እኛ ገና ልጆች ነን፣ አናርኩል። ሦስተኛ እንወልዳለን። የሚቀጥለው የእኛ…"

መስኮቱን ዘጋችው። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ከታች አፉን ማንቀሳቀሱን ቀጥሎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ውጪ አሏት። የሻርሼን መኪና ታጥባ፣ ቀይ ጥብጣብ ታስሮላት በሩ ላይ ቆማለች። ቡርማካን ቤክተንን በእጇ ይዛ መጥታለች። ሻርሼን አዲስ ኮት ለብሷል፤ ቱራት ከጎኑ ቆሟል፤ የመንደሩም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ልንቀበላት ወጥተናል። ካልቡቡ ደግሞ ቀሚሷ ሰፊ ነው፤ ሕፃኗን በቀሚሷ ጫፍ ተቀብላ ወደ ብብቷ ልታስገባት ነው፣ እሷ እንደወለደቻት እንዲቆጠር። ትከሻዋ ላይ አዲስ ነጭ ሻል ጣል አድርጋለች። እጇ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ሻሉን ታስተካክላለች፣ ደግማ ታስተካክላለች።

ሕፃኗን ከበሩ ይዛ የምትወጣው ራይካን ናት፣ እንደ ልማዱ። አናርኩል ደጃፉ ላይ አስቆመቻት።

"ለእኔ ስጪኝ።"

ራይካን ሰጠቻት።

"ምራቴ፣ ብርድ ነው" አለች ቡርማካን፣ ለሰሚው እየሳቀች። "ለካልቡቡ አስረክቢና እንሂድ፤ ቤት እንግዳ ይጠብቃል፣ በግ ታርዷል።"

"አልሰጥም፣ እማማ።"

"ምን አልሽ?"

"አልሰጥም።"

ቡርማካን ወደ ሰው ዞረች። "አራስ ናት፣ ራሷን አዙሯት ነው። ቱራት፣ ውሰድና ለወንድምህ ስጥ!"

ቱራት አንድ እርምጃ ራመደ። አናርኩል ልጅቱን አጥብቃ ይዛ እንዳላየችው ሆና አለፈችውና ካልቡቡ ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ እሷ ራሷ ናት የሰጠችሽ ብለው ነው የነገሩሽ?"

ካልቡቡ ግራ ገባት። "አዎ። አንቺ… አንቺ አይደለሽም እንዴ? ቃሏን ልካለች አለን እኮ። እግርሽን የሳምኩት ለምን መሰለሽ? በአፍ ማመስገን ክልክል ስለሆነ እኮ ነው!"

"እኔ የሰማሁት ከትናንት በስቲያ ነው። እዚህ አልጋ ላይ። ከራይካን።"

የካልቡቡ እጅ ከሻሉ ላይ ወረደ። ሻርሼን ቀስ ብሎ ወደ ታናሽ ወንድሙ ዞረ።

"ቱራት። ውሸቷን ነው በለኝ።"

ቱራት የመኪናውን ጎማ ያያል። "ኋላ ትለምደዋለች ብዬ ነው። እማዬም ልጅቱን እዚያው በር ላይ፣ በሰው ፊት ከወሰድናት እምቢ አትልም አለችኝ…"

"ብልስ!" አለች ቡርማካን። "የበኩሩን ስወስድ ሞተች? አልሞተችም! ይኸው ቆማለች። ምን ሆነች?"

የዚህን ጊዜ አናርኩል ተናገረች። ሁላችንም የሰማነው ያን ቀን ነው፤ አፍ እንዳላት።

"ቱራት፣ ሽማግሌ ፊት የእኔ ቃል ነው ብለህ ተናግረሃል። ቃሌን ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ይኸው እንግዲህ ከአፌ ስማው፤ ልጄ የትም አትሄድም። እኔ ግን ወደ አንተ ቤት አልመለስም።"

"ሂጂ!" አለች ቡርማካን፣ ቤክተንን ወደ ራሷ እየጎተተች። "ሂጂ፣ ግን ይሄን ዳግመኛ አታዪውም። እሱ የእኔ ነው!"

አናርኩል ልጇን አየችው። አምስት ዓመቱ ነው፤ ሰዎቹ ለምን እንደሚጯጯሁ ስላልገባው በአያቱ ቀሚስ ከንፈሩን ይጠርጋል። ና ብትለው አይመጣም። ያውቃታል፣ ይወዳታልም፣ ግን ጎረቤት እንደሚወዱት ነው። ሁለቱን ይዛ መሄድ እንደማትችል ገባት። አንዷን ለማዳን አንዱን ትታ ነው የምትሄደው፤ ይህን ደግሞ ማንም አልወሰነላትም፣ ራሷ ናት የወሰነችው። አንጀቷ ተቆረጠ፣ ፊቷን ግን አላዞረችም።

ሻርሼን ባርኔጣውን አወለቀ። ኋላ ጥብጣቡን ከመኪናዋ ፈታና በኪሱ ጠቀጠቀው።

"ወዴት ላድርስሽ፣ እህቴ?"

"ወደ እናቴ፣ ጋሼ። እሷንም ገና የምናገራት አለኝ።"

ካልቡቡ ጠጋ አለች። ከዚያ ነጩን ሻል ከትከሻዋ አወረደችና የአናርኩልን ራስና ጆሮ ጠቀለለችላት፤ አራስ ነሽ፣ ነፋስ እንዳይመታሽ አለቻት። ስትጠቀልላት እጇ የሕፃኗ ግንባር አጠገብ ደረሰና ቆመ፤ አልነካትም።

"አናርኩል" አለች በሹክሹክታ። "አንድ ጊዜ ልቀፋት? አንድ ጊዜ ብቻ። በአላህ ስም እመልስልሻለሁ።"

አናርኩል ካልቡቡን አየቻት። ካልቡቡም የተዋሸች እንጂ የዋሸች አይደለችም፤ ይህን ታውቃለች። እሺ ልትላት ፈለገች። ግን "እመልስልሻለሁ" ቃል ነው፣ እሷ ደግሞ በቃል የምታምንበት አቅም አልቆባታል። ክንዷ አልላላ አለ፤ እንዲያውም ባሰ።

"አይሆንም፣ እትዬ። አንቺንም አላምንሽም።"

ካልቡቡ አላለቀሰችም። "ልክ ነሽ" አለችና ሄዳ የመኪናውን በር ከፈተችላት።